ዕዳ የሌለባት ዘመድ

ሰፈሩ «ራዲዮ» ያላት በከንቱ አይደለም። ባትሪ አትፈልግ፣ ጣቢያ አትቀይር፣ የምታርፈው ስትተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ካልቃዠች። የማን ልጅ ከማን ጋር ቆመ፣ የማን ድስት ባዶውን ተጣደ፣ ማን ከማን ተበድሮ በየት መንገድ እየተሸሸገ ይሄዳል፣ ሁሉም እሷ ዘንድ አለ። ፊደል የቆጠረችው እስከ «መ» ድረስ ነው። የሰውን ጉድ ግን እስከ መጨረሻው ቆጥራለች።

ታዲያ የገዛ ልጇ ሲከስር ያልሰማች እሷ ብቻ ነበረች።

ልጇ እንጨት ሠሪ ነው። ለአንድ አዲስ ሆቴል ሁለት መቶ ወንበር ሊሠራ ከባንክ ተበደረ፣ ማሽን ገዛ፣ እንጨት ከመረ፤ ሆቴሉ ሳይከፈት ተዘጋ። ሁለት መቶ ወንበር ቀረ፣ የሚቀመጥበት ጠፋ። ራዲዮም ለብድሩ ዋስ ነበረች። ልጇ «እማዬ፣ እዚህ ጋ» አላት፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ እዚያ ጋ አሳረፈች። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም፤ እሷ፣ የጎረቤት ድመት ስንት እንደወለደች ሳትጠይቅ የማታልፈዋ ሴትዮ።

ፍርድ ቤቱ ንብረት አጣሪ ላከባቸው። ቀጭን ነው፣ ክራቫቱ ከእሱ ይወፍራል። ቤቱን እየዞረ ፍሪጁን ጻፈ፣ ቴሌቪዥኑን ጻፈ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ሽታውን ሳይቀር የጻፈ ይመስል ነበር። መሳቢያ ውስጥ አንድ የባንክ ደብተር ሲያገኝ ግን መነጽሩን አወለቀ፣ ወልውሎ መልሶ አደረገ።

ደብተሩ የአለቃ ነው። አለቃ የራዲዮ የልጅ ልጅ ናት፣ አሥር ዓመቷ። በአራት ዓመቷ ወደ ኋላ የሚመለስ የጭነት መኪና ገጭቷት እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ ምላሷም ከብዷት ንግግሯን ጠብ ጠብ አድርጋ ነው የምታወጣው። ዊልቸሯ ላይ ሆና ግን ቤቱን የምታዘው እሷ ናትና አለቃ ተባለች። ገንዘቡ የመኪናው ባለቤት የከፈለው ካሳ ነው። በሳምንት ሁለቴ መጥታ እግሯን የምታፍታታላት ባለሙያ የሚከፈላት ከሱ ነው። ዊልቸሩ ሲጠባት የሚቀየረው ከሱ ነው። ነገ እናትና አባት ሲደክሙም የምትጦረው በሱ ነው።

ችግሩ ደብተሩ የተከፈተው በአባቷ ስም መሆኑ ነው።

የቤተሰቡ ጠበቃ ገና ወጣት ናት፣ በነፃ የምትከራከርላቸው፣ ስትሄድ ጫማዋ ከእሷ ቀድሞ የሚናገር። እሷ ናት የዳኛዋን ትእዛዝ ይዛ የመጣችው። ዳኛዋ ገንዘቡ የልጅቷ መሆኑ ገብቷታል፤ ግን የከሰረ ሰው እጅ ላይ አልተውም ብላለች። እስከ ሐሙስ ከዘመድ አንድ ጠባቂ ይምጣ፤ ዋስ ያልሆነ፣ ለማንም ዕዳ የሌለበት። ካልመጣ ደብተሩ ከሌላው ንብረት ጋር ይታሸጋል፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ ሳንቲም አይወጣም። ጉዳዩ መቼ ያልቃል ቢሏት ጠበቃዋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«እኔስ?» አለች ራዲዮ።

«እማማ፣ እርስዎማ ዋስ ነዎት። ከባንኩ ማኅተም ይልቅ የእርስዎ ጣት ጎልቶ ይታያል።»

የልጅቷ እናትም ፈርማለች። እንግዲህ ዘመድ ፍለጋ ተጀመረ። አምስት ቀን ነው ያላቸው።

ራዲዮ መጀመሪያ የሄደችው የምራቷ ወንድም ዘንድ ነው፤ አስተማሪ ነው፣ ስለ ቁጠባ ምክር የማይጠግብ። ለካ የመኪናው ጎማ እንኳ በዱቤ ነው። ሁልጊዜ ሙሉ ሱፍ የሚለብሰው የእህቷ ልጅ ሱፉ ገና የሰፊው ነው። ለአለቃ ሲሆን ነፍሴን እሰጣለሁ ስትል የኖረችው ዘመድ ደግሞ ለሦስት ሰው ዕዳ እንዳለባት በደስታ ተናገረች፤ አራተኛም ልታስታውስ ትሞክር ነበር። ድሮ ዕዳውን በአልጋ ሥር የሚደብቅ ዘመድ ሁሉ፣ ፍርድ ቤት መቆም ሲመጣ ዕዳውን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ሰካው። ራዲዮ ከዚህ ሁሉ ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ደስታ አላገኘችበትም። ማክሰኞ ቤት ገብታ እግሯን ሞቅ ባለ ውኃ ነክራ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ቤቱ ታመመ።

ያኔ ነው አለቃ ከዊልቸሯ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ አንድ ቃል ያወጣችው።

«ቋጠሮ።»

ቤቱ ውስጥ ያ ስም ለቁም ነገር ተነስቶ አያውቅም። ቋጠሮ የራዲዮ የሟች ባሏ እህት ናት፣ የእንጨት ሠሪው አክስት። በጡረታ እስክትወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ነበረች። ከራዲዮ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይነጋገሩም። አለቃ አይታት አታውቅም፤ የምታውቃት ከአያቷ ወሬ ነው። ሌሎች ልጆች በጅብ ተረት ሲተኙ አለቃ በቋጠሮ ስስት ነው የተኛችው።

«እሷን?» አለ እንጨት ሠሪው። «እማዬ እዚያ ደጅ ከምትቆም—»

«ዝም በል፤ ልጅቷ ትክክል ናት» አለች ራዲዮ፣ እግሯን ከውኃው እያወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ሄደች። ቋጠሮ የምትኖረው ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ነው። ኮሪደሩ ላይ አምፖል የለም፤ ቋጠሮ ፈታ ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች፣ ስትፈልግ ታበራበታለች። ገመድ ላይ የታጠቡ ፌስታሎች እንደ ሸሚዝ በመቆንጠጫ ተሰጥተዋል።

ቋጠሮ በሩን የእጅ ስፋት ያህል ከፈተች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

ራዲዮ እዚያው ቆማ ነገሩን ሁሉ አወጣችው። ስለ ልጅቷ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ሐሙስ። ቋጠሮ ሳታቋርጥ ሰማች፤ ሲያልቅ በሩን ሌላ አንድ ስንዝር ከፈተችው።

«እኔ አልሆንም። ዕዳ አለብኝ።»

«አንቺ? ለማን?»

«ላንቺ።»

ነገሩ የጥርስ ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቋጠሮ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሰው ሠራሽ ስታስተክል የጎደላትን ራዲዮ አበደረቻት። ቋጠሮ ገና በጥርሶቹ ማኘክ ሳትለምድ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አንድ ሠርግ ላይ አንዱ ቀልደኛ «እስቲ ፈገግ በይ፣ የራዲዮን ጥርስ እንይ» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቋጠሮ ሰው ፊት አልሳቀችም፤ ብድሩንም አልከፈለችም። በሐሜት ተከፍሎሻል ብላ ነበር የዘጋችው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ራዲዮ ቶሎ ብላ።

«አትበይኝ። አንቺ ዛሬ ይቅር ካልሽኝ ነገ ይቅር እንዳልሽኝ የማያውቅ ሰው አይኖርም። እከፍልሻለሁ።»

ከፍራሹ ሥር ቆጥራ አመጣች። ልብስ ሰፊው ተጠርቶ ደረሰኝ ጻፈ፣ ራዲዮ ጣቷን አሳረፈች፤ ዘንድሮ ለጣቷ ሥራ በዛበት። ፊርማው ሲያልቅ ቋጠሮ ሌላ ነገር አመጣች። ፍርድ ቤት የምትሄደው ራዲዮ ስለ ጥርሱ ዳግመኛ ላታነሳ ቃል ከገባች ነው።

«እስከ መቼ?» አለች ራዲዮ።

«እስክትሞቺ።»

«እሱ ይበዛል። አንድ ወር።»

እንደ ሽንኩርት ዋጋ ተከራከሩበት። በመጨረሻ በአንድ ዓመት ተስማሙ፤ ሲያልቅ ይታደሳል፣ እንደ ቤት ኪራይ። ገንዘቡ ግን ለራዲዮ አልሆነም። ጠበቃዋ፣ ዋስ ስለሆኑ የተከፈለዎት ሁሉ ለአጣሪው መድረስ አለበት አለቻት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጣው ገንዘብ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አላደረም።

ሐሙስ ደረሰ። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፣ ፋይሉ ከሰው በላይ የሚቀመጥበት። ዳኛዋ ጉንፋን ይዟታል። ቋጠሮ ያለቻትን አንድ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ደረሰኟን እንደ መታወቂያ ይዛ ቆመች። ዕዳ አለብሽ ወይ ተብላ ተጠየቀች፤ እስከ ትናንት ነበረብኝ ብላ ወረቀቱን አቀረበች። ሁሉ ደህና ነበር፤ አጣሪው ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ። የአባትየው አክስት ናት አለ። እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ፤ ዛሬ ጠባቂ ይሾማል፣ ነገ አባት መጥቶ ያለቅሳል፣ ዘመድ አንጀቱ አይችልም፣ የልጅ ገንዘብ በጓሮ በር ይወጣል። ስለዚህ ይታሸግልኝ።

ዳኛዋ ብዕሯን አነሳች። ራዲዮ አየችው፣ ብዕሩ ወደየት እንደሚሄድ። አለቃም አይታዋለች፤ የዊልቸሯን እጀታ ጨብጣለች።

ራዲዮ ማንም ሳይጠራት ተነሳች።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ይችን ሴት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳማት ኖሬያለሁ። ያማሁትን ልንገርዎት።»

ጠበቃዋ እጇን ልትይዛት ሞከረች፤ ራዲዮን ማን ይዘጋል። ያላትን ሁሉ ዘረገፈችው። ሳሙና ገዝታ አራት ቦታ ቆርጣ ሦስቱን እንደምትደብቅ። ባለሱቁ ሁለት ሳንቲም አስበልጦ ሰጥቷት በዝናብ ተመልሳ እንደሄደች፤ በማግስቱ አንድ ሳንቲም ቢያጎድልባት ደግሞ በዚያው ዝናብ እንደተመለሰች። ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ሣጥን ለሁለት ቀን ብቻ ቢላት፣ ሣጥኑን አቅፋ ቢሮ ውስጥ እንዳደረች። ያን ጊዜ ራዲዮ ሰፈሩን «ሣጥን አገባች» ብላ አስቃው ነበር። የራዲዮ ልጅ ሊያገባ ሲል ቋጠሮን ብድር ቢጠይቃት የሰጠችው ምክር ብቻ እንደሆነ። ችሎቱ ይስቃል፤ ቋጠሮ እየተሰደበች ይሁን እየተመሰገነች ስላልገባት ከንፈሯን ገጥማ ጣሪያውን ታያለች።

ከዚያ ራዲዮ ድምጿ ወረደ።

«ሰኞ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ። ከደብተሩ ትንሽ ወስጄ ለባንኩ ብሰጥ ማሽኔን ይተውልኝ ነበር አለኝ። ሌባ አይደለም፤ ጨንቆት ነው። ደብተሩ እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ እሰጠው ነበር። እኔ እናት ነኝ፣ አያትም ነኝ፤ እናቲቱ ትቀድማለች። እሷ ግን አትሰጠውም። ቢያለቅስባት መሐረብ ታበድረዋለች፤ እሱንም አጥቦ እንዲመልስ።»

እንጨት ሠሪው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። አልካደም። ዳኛዋ ሳቋን ሳል አስመስላ አሳለፈችው፤ ከዚያ ልጅቷን ራሷን ጠየቀቻት። አለቃ ጊዜዋን ወሰደች። ችሎቱም ጠበቃት።

«ቋጠሮ… ትያዝልኝ» አለች። «አባቴ… ይለምናል።»

ደብተሩ በቋጠሮ ጠባቂነት ተለየ። አጣሪው ክራቫቱን አላልቶ ከዝርዝሩ ላይ ሰረዘው።

ደረጃው ሥር ሲወርዱ እንጨት ሠሪው አክስቱን ጠጋ ብሎ፣ ታክሲው እንኳ ከልጅቷ ገንዘብ ቢሆን፣ የመጣነው ለእሷ ጉዳይ ነው አላት። ቋጠሮ እርሳስ አወጣች። ልጅቷ ትሳፈራለች፣ የምትይዛት እናቷም ትሳፈራለች፤ የቀረው እግር አለው አለች። ሁለቱን አሳፍራ፣ ሾፌሩን በዋጋ አስለቅሳ፣ ደረሰኝ ተቀብላ ላከቻቸው። አለቃ ታጥፎ በተጫነው ዊልቸሯ አጠገብ በመስኮቱ እጇን አውለበለበች።

ሦስቱ በእግር ሄዱ። እንጨት ሠሪው ከኋላ፣ ሁለቱ አሮጊቶች ከፊት፣ በመሃላቸው ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትተው። ራዲዮ እግሯ አብጧል፤ ታክሲውን እየረገመች፣ እየረገመችም አፏ ይስቅባታል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቋጠሮ ቆመች።

«ልጅሽ ሲያገባ ምክር ብቻ ሰጠች ያልሽው ውሸት ነው።»

«ታዲያ ምን ሰጠሽው?»

«ጃንጥላም ሰጥቼዋለሁ። ሐሜት ካወራሽ አሟልተሽ አውሪ እንጂ።»

ራዲዮ ዞር ብላ ልጇን ጠየቀችው። እውነት ነው አለ፤ ጃንጥላ ሰጥታው ነበር። ከሠርጉ በኋላ መልሳ ወሰደችው እንጂ።