የኩሬ ወንድም

ሐኪሟ ባለፈው ቀጠሮ «የሽርት ውሃሽ አንሷል፣ ፈሳሽ አብዢ» ካለችኝ ወዲህ ባሌ ውሃ አጠጪ ሆኖ አረፈው። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ትልቁን ፕላስቲክ ሞልቶ ከፊቴ ይደቅናል። «ጨርሺው፣ ልጄ ይዋኝበት» ይላል። እኔም እጠጣለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ! የምሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። በዚያ እንፋሎት መሀል አንሶላ ሳወጣ ሳስገባ ግማሹ በላብ ያልቃል፣ ግማሹ ሽንት ቤት ሲያመላልሰኝ ይውላል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የሰው አንሶላ ሳጥብ ውዬ ስገባ የልጄ አንሶላ ይጠብቀኛል። ስድስት ዓመት ሞልቷት ዛሬም አልጋዋ ላይ ትሸናለች። አባቷ «ኩሬ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። እሱ ምን አለበት፣ አጣቢዋ እኔ! ዛሬ ጠዋትም ጮኼባታለሁ።

«ወንድምሽ ተወልዶ ሳይሸና በማደር ቢቀድምሽስ? አታፍሪም?»

ከሰዓት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዴ ላይ ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትት፣ ስታቆም፣ እንደገና ስታንሸራትት ቆየች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው።

«እየጠጣሁ ነው እኮ፣ ዶክተር! ካላመኑኝ ባሌን ይጠይቁት።»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ እህቴ። ልጁ እዚህ ወር ላይ ሲደርስ የሽርቱ ውሃ ከራሱ ሽንት ነው የሚመጣው። ይውጠዋል፣ መልሶ ይሸናዋል። ያንቺ ልጅ ግን አይሸናም። ኩላሊት የለውም፤ ሁለቱም አልተፈጠሩም።»

«የኔን ስጡታ! ሁለት አለኝ አይደል?»

እጄን ያዘችኝ። «ያለ ውሃ ሳንባውም አላደገም። ሆድሽ ውስጥ እስካለ ባንቺ ይኖራል። ሲወለድ ግን መተንፈስ አይችልም።»

«ምንም ተስፋ የለውም?»

«ልዋሽሽ አልችልም» አለች።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ኩሬ ከትምህርት ቤት መጥታ እንቅልፍ ጥሏት ኖሮ፣ አንሶላዋን ሳፋ ውስጥ ጠቅጥቃ በዚያች ትንሽ እጇ ታሻለች። ስታየኝ ክው አለች።

«እማዬ፣ አልደግምም! በናትሽ እንዳትቆጪኝ!»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንሶላውን ከእጇ ተቀበልኩ። «ሽኚ፣ የኔ እናት» አልኳት። «እንዳሻሽ ሽኚ። እኔ አጥባለሁ።»

ፊቴን ትክ ብላ አየችው። «ወንድሜም ሲሸና አትቆጪውም?»

«አልቆጣውም» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

በዚህ መሀል ባሌ ገባ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ካለው ፕላስቲክ ላይ አረፈ።

«ኧረ ሴትዮ! ግማሹ አለ እኮ! ልጄን በውሃ ጥም ልትገይብኝ ነው?»

እየሳቀ አንስቶ ሰጠኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ተቀብዬው ጠጣሁ። እሱ «እንዲህ ነው እንጂ!» እያለ ቆሞ ሲያየኝ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።