እግሩ የቀረ እንጉዳይ

ትርንጎ ከጓሮዋ ጎመን እየቀነጠበች ሳለ ባሏ በላቸው ቁስቋም ደብር ደርሶ ተመለሰ። ጣልያን ከወጣ ስምንተኛው ክረምት ነው፤ ፍልሰታ ከገባ ደግሞ ስምንተኛው ቀን። በላቸው ባዶውን ቅርጫት ግድግዳው ላይ ሰቀለና እጁን አራገፈ።

«ለወንድምሽ እንጉዳይ አድርሼ መጣሁ። ለእሱ ብቻም አይደል፣ ለካህናቱ ሁሉ የሚበቃ ነው። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ተቀብለው መረቁኝ።»

«እኔ ሳላየው?»

«ምኑን ታዪዋለሽ? ነጭ ነው፣ እንደ ጥጥ። ለደብር የሚሄድ ነገር አፈር አይንካው ብዬ ከወገብ ከወገቡ በቢላ ቆረጥሁት። ሸጋ አድርጌ!»

የያዘችው ጎመን ከእጇ ወደቀ። በእናቷ ቤት እንጉዳይ በቢላ ተቆርጦ አያውቅም። ጣትን ከሥሩ ሰዶ ከነእግሩ መንቀል ነው። ከኩይሳ የሚበቅለው ደጉ እንጉዳይ፣ እግሩ እየቀጠነ እንደ ጅራት ወደ ምስጦቹ ቤት ይወርዳል። ክፉው ግን አፈር ውስጥ ከረጢት አጥልቆ ነው የሚቆመው፤ ከተሰበረ እንቁላል የወጣ ይመስላል። ከላይ ሲያዩት ሁለቱም ነጭ ናቸው። በላቸው በአክብሮት ቆርጦ አፈር ውስጥ የተወው ያንኑ መለያውን ነው።

«ከየት ከየት ነው የቆረጥኸው?»

«ከኩይሳው ነዋ። ሲያንሰኝ ጊዜ ጣልያን ከቆፈረው ምሽግ፣ ከወይራዋ ሥር ጨመርሁበት።»

«ወይራዋ ሥር ኩይሳ አለ?»

«እንጃ» አለ በላቸው፤ ድምፁ ቀነሰ።

ትርንጎ ሽቅብ አየች። ሰማዩ ድፍን ነው፤ ፀሐይ የት እንደደረሰች አይለይም። ካህናቱስ ቅዳሴ ወጥቶ ደወል እስኪደወል እህል አይቀምሱም። የሚያስፈራት ወንድሟ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ነው። ንዳድ ይዞት ከተኛ ሰንብቷል። የነፍስ አባቱ «አንተ ታመሃል፣ ደወል ሳትጠብቅ ብላ» ብለው ፈትተውታል። እግራቸው ላይ ወድቃ ለምና ያስፈታችውም እሷው ናት።

«የሚለየው እግሩ ነበር!» ብላው ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። ወደ ቁስቋም ጥቂት እንደሄደች ግን ቆመች። አምና በዝክር ላይ «ይሄ እንጉዳይ አላማረኝም» ብላ ሙሉ ድስት አስደፍታ ነበር። የተደፋውን ውሻ በላው፤ ውሻውም ምንም ሳይሆን ከረመ። መሪጌታ በሰው ፊት «ከአንቺስ ውሻው ይሻላል፣ ሳይጠራጠር በላ» አላት። እስከ ዛሬ ይስቁባታል። ባዶ እጇን ብትሄድ ማን ይሰማታል? ምሽጉ ደግሞ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። «እመቤቴ፣ ደወሉን አቆዪልኝ» አለችና ወደዚያው ታጠፈች።

ምሽጉ ውስጥ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። የተቆረጡት ጉቶዎች ከወይራዋ ሥር ነጭ ነጭ ብለው ይታያሉ። የመጀመሪያውን በእንጨት ስትቆፍረው እግሩ ቀጠነ፣ ወረደ፣ መጨረሻው ጠፋ። ደጉ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ለካ ምስጥ ከታች ኖሯል። እፎይ ብላ ልትወጣ አንድ እግሯን አነሳች። ግን አላስቻላትም፤ ከግንዱ ጥግ አንድ ጉቶ ቀርቷል። እንጨቱን ትታ በጣቶቿ ቆፈረችው። ወፍራም ነው። ከአፈሩ ሲላቀቅ ከረጢቱን እንደለበሰ መጣ።

በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም።

«ደግሞ መጣሽ?» አሉ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከማድ ቤቱ ደጃፍ ሆነው።

«እማሆይ፣ እንጉዳዩ!»

«በስሏል። ጠገራ ብር ከትቼበት ነበር፣ መርዝ ቢኖረው ይጠቁር ነበር፤ አልጠቆረም። አታስቢ።»

«ጠገራ ምን ያውቃል! ጨው ቀምሰውለታል?»

«በፍልሰታ? ደወል ሳይደወል? ምን ነክቶሻል አንቺ!»

«ለመሪጌታስ?»

የእማሆይ ፊት ተለወጠ። «ለእሳቸውማ... በሽተኛ ናቸው ብዬ ቀደም አድርጌ አንድ ጣሳ ላክሁላቸው።»

ትርንጎ ቋጠሮዋን ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸውና «ክፉው ገብቶበታል፣ ድፉት!» ብላ ሮጠች። የጎጆውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። መሪጌታ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዳዊቱ ጉልበቱ ላይ ነው። ጣሳው አጠገቡ ተከድኗል። ክዳኑን አነሳች። ሙሉ ነው፤ ቀዝቅዞ ገጹ ረግቷል።

«አልበላህም!»

«ይኸው ልትቆጪኝ መጣሽ። የነፍስ አባቴ እኔን ፈቱኝ እንጂ ጉሮሮዬን አልፈቱልኝም። ደወል ሳልሰማ አይወርድልኝም አልኩሽ እኮ።»

ስምንት ቀን ሙሉ በዚሁ ግትርነቱ ተጣልታዋለች። አሁን መሬት ላይ ዘጭ ብላ እግሩን ሳመችው።

«ምነው? ሞቻለሁ እንዴ?»

ነጠላዋን ፈትታ አሳየችው። ነገሩንም ነገረችው።

«አምናም እንዲሁ ብለሽ ውሻው...»

«አምና ፈርቼ ነው፣ አያ። ዛሬ አይቼ ነው።»

መሪጌታ ከረጢቱን በሁለት ጣቱ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ከዚያ ጣሳውን ቀስ አድርጎ ከዳዊቱ አራቀው። «ድስቱስ?» አለ።

ትርንጎ በበሩ አየች። እማሆይ ድስቱን አውርደው ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ እያስቆፈሩ ነው፤ ዘንድሮ ለውሻም አይተርፍም። ያን ጊዜ ደወሉ ተደወለ። መሪጌታ አማተበ።

«በይ እንግዲህ፣ ተደወለ። ምን ልብላ?»

ትርንጎ እጇን አየች፤ ጭቃ ብቻ ነው። ከደጅ የሰው ትንፋሽ ተሰማ። በላቸው ነው፤ ዳገቱን ተከትሏት ወጥቶ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ቅርጫቱ በጎመን ተሞልቷል። አንዱም አልተቀነጠበም፤ ሁሉም ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ተነቅሏል።

«ይኸው» አለ ዓይኗን ሳያይ። «እግሩንም አምጥቻለሁ።»

«ጎመኔን ፈጀኸው!» ብላ ጮኸች። መሪጌታ ሲስቅ ሳል ያዘው። እሷ ግን ቅርጫቱን ቀምታው ወደ ማድ ቤቱ እየሮጠች ነበር፤ ጎመን እስኪበስል ጊዜ ይወስዳል፣ ወንድሟ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አልበላም።