የመረቁ ማንኪያ

ሼፏ በአንድ ዓሣ ምግብ ቤት ዐሥራ ሁለት ዓመት ስትሠራ ድስቷን ለሰው አስቀምሳ አታውቅም። ምክትሏ የገዛ ባሏ ነው፤ እሱም ቢሆን ወደ ማንኪያዋ እጁን ከሰደደ በዓይኗ ትቆርጠው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሽሪምፕ የሚባለውን ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት ቀቅላ መረቁን ስታማስል ከንፈሯ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። ሥራ አስኪያጁ ያለ ሐኪም ወረቀት ምድጃ ዳር ድርሽ እንዳትል ከልክሎ ሽንኩርት መጋዘን አስቀመጣት። ዓይኗ ቀልቶ ያገኟት ሲጠይቋት ሽንኩርቱ ነው ትላለች። ሽንኩርቱ አልነበረም።

የአለርጂ ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው። ዓሣና ሽሪምፕ አብስላ እንድታመጣ አዟት ነበርና፣ ሙያተኛ አይደለች፣ ለእንግዳ እንደሚቀርብ አድርጋ ልጣ፣ ቀቅላ፣ አጥባና አጠንፍፋ አመጣች። ሐኪሙ መርፌውን መጀመሪያ ዓሣው ላይ፣ ከዚያ ክንዷ ላይ ጠቅ አደረገ፤ ለሽሪምፑም በሌላ መርፌ ሌላ ቦታ ላይ እንዲሁ። ሩብ ሰዓት ጠበቁ። ሁለቱም ቦታ ምንም እብጠት አልወጣም።

«እንኳን ደስ ያለዎት፤ ነፃ ነዎት። ወረቀቱን ልጻፍልዎት?»

ወረቀቱ ማለት ምድጃዋ ነው። ሼፏ ልትስቅ አፏን ከፍታ ተወችው።

«ቆይ ዶክተር፣ አትጻፍ። እኔ ያመጣሁልህ ገለባውን ነው። የሽሪምፕ ጉልበቱ የተቀቀለበት ውሃ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ እሱን ደግሞ ደፋሁት!»

ሐኪሙ ግንባሩን መታ። «እውነትዎን ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን ቢፈላም አይሞትም፤ ወደ ውሃው ይወጣል። መረቁን ያስመጡልኝ።»

ስትደውልለት ባሏ ከምግብ ቤቱ የሽሪምፕ ድስት በቴርሞስ ቀድቶ እየሮጠ መጣ። መረቁ የነካው ቦታ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ የባቄላ ያህል አበጠ። የዓሣው ቦታ እንደ ተኛ ቀረ።

«ዓሣዎን እንደ ልብዎ ይሥሩ» አለ ሐኪሙ እየጻፈ። «ሽሪምፕ ግን አይቅመሱ፤ እንፋሎቱም አይድረስብዎት። ድስቱ ሌላ ክፍል ይጣድ።»

ምድጃዋ ተመለሰላት። ስሟን ያስጠራው መረቅ ግን ከእጇ ወጣ።

ደጅ ሲወጡ ባሏ ቴርሞሱን አቅፎ መሬት መሬት እያየ አጉተመተመ። «ስቀዳው... ቀመስኩት። ጨው አንሶታል።»

ለዚህ ዓይነቱ ድፍረት መልስ አጥታ አታውቅም። ዛሬ ግን ከቦርሳዋ እጀታው የተላጠውን ማንኪያዋን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጨምርበታ» አለችው።