አርባ ዘፈን ለዶቃታ

የፍቅር ዘፈን የምጭነው እኔ ነኝ፤ የማላምንበትም እኔው። ድንበር ላይ ባለችው ሰፈራችን ማንያታ ውስጥ ሚሞሪ ይዞ ለመጣ ሁሉ እሞላለታለሁ። ኔትወርክ የማይደርስባቸው የጎልቦ ቆላ ከብት ጠባቂዎች በትንሽ ሬዲዮ ሰክተው ይሰሙታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ፍቅር ተራራ ሲንድ፣ ባሕር ሲያሻግር ሰማሁ። የኔን ባል ግን ከናይሮቢ አልመለሰልኝም። እሱን ተዉት።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጎሎ ከጎልቦ መጣ። ሚስቱ ዶቃታ አኩርፋ ሄሉ መንደር ወንድሟ ቤት ከገባች አራት ወሯ ነው። ያደገችው በኢትዮጵያ በኩል ስለሆነ የአማርኛ ዘፈን ሲባል ነፍሷ ነው።

«አስካለ፣ አርባ ዘፈን ጫኚልኝ» አለኝ። «ኃይለኛ ኃይለኛውን። እሷን የሚመልስ።»

በኔ ቤት ደንብ፣ ከዘፈኖቹ በፊት ድምፄን እቀዳለሁ። ያለዚያ ጎረቤት ሱቆች ገልብጠው የራሳቸው ሥራ ያስመስሉታል። ማይኩን ከፈትኩና «ከማንያታ፣ ከአስካለ ዘፈን ቤት፤ ለዶቃታ፣ ከባለቤቷ ከጎሎ» አልኩ። ወዲያው ንዴቴ መጣ።

«ቆይ፣ አንተ ደረቅ! በእግርህ ሄደህ ይቅርታ አትጠይቃትም? ዘፋኙ ነው እንዴ ያስቀየማት?»

«ዘፈኑ ይናገርልኝ።»

«ምን ብሎ? ለመሆኑ ምን አድርገሃት ነው?»

በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ዝናብ የለም፣ ከዚህ ሰፈር እንነሳ ብላኝ ነበር። እኔ አውቃለሁ አልኳት። ስድስት ጥጃ አለቀ። የአላህ ነገር ነው አልኩ። የአላህ አልነበረም፣ የኔ እልህ ነው። እሷ ልክ ነበረች።» ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። «አሁን ያልኩት ሁሉ ልክ ነው። የሚከራከረኝ የለማ! ወላሂ አስጠላኝ፣ አስካለ።»

አንጀቴን በላው። አፌን ዘግቼ አርባውንም ጫንኩለት። ሚሞሪውን በቦዳቦዳ ሞተር ነጂው በሙደሲር እጅ ወደ ሄሉ ልኮ፣ እሱ ወደ ጎልቦ ተመለሰ።

በማግስቱ ለሌላ ደንበኛ ልቀዳ ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ ለዶቃታ የቀዳሁት መልእክት አሥራ አንድ ደቂቃ ይላል። ክው አልኩ። ለካ በንዴቴ ማይኩን ቶሎ ሳልዘጋው ቀርቻለሁ! የጎሎ ኑዛዜ፣ ለቅሶው፣ የኔ ስድብ፣ ሁሉም ከዘፈኖቹ ፊት ገብቷል። እዚህ አገር ደግሞ ሬዲዮ ለብቻ አይሰማም፤ ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ነው። ጎሎ በአማቾቹ ፊት ተዋረደ ማለት ነው። ትዳሩን በገዛ እጄ አፈረስኩት ብዬ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ዶቃታ ጋ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው።

ቅዳሜ ራሷ መጣች። ትንሽ ሬዲዮዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ፊቷ ተቋጥሯል።

«ዶቃትዬ፣ በሞቴ፣ እኔ እኮ ሳላውቅ…»

«ዝም በይ! ባሌን ደረቅ የምለው እኔ ነኝ። ላንቺ ማን ፈቀደልሽ?»

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

«ወንድሜ ሰምቶ ሳቀ። አማቻችን አለቀሰ እያለ ሲያወራ ዋለ። ተነስቼ ከቤቱ ወጣሁ።»

በርጩማ ሳብኩላት። ተቀምጣ ሬዲዮውን ከፈተችው። የኔን ጩኸት አሳለፈችው። «እሷ ልክ ነበረች» የሚለው ጋ ስትደርስ አቆመች፤ መልሳ አስጀመረችው፤ ደግሞ መለሰችው።

«አሥራ ስምንት ዓመት» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ቀን ልክ ነሽ ብሎኝ አያውቅም።»

ሚሞሪውን ነቅላ ሰጠችኝ።

«ዘፈኖቹን ብቻ አጥፊልኝ።»

«አርባውንም? ኧረ አንቺ! አንዱም አልጣመሽም?»

«ኧረ ጥሩ ናቸው፤ ግን ቦታ ይይዛሉ። ይሄ ሬዲዮ ድምፅም ይቀዳል።» ተነስታ ሻሿን አጠበቀች። «አሁን ወደ ጎልቦ መሄዴ ነው። ያ ሰውዬ ገና ብዙ የሚናገረው አለው።»