የእናቴ አዲስ ዳሌ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ረቡዕ ዕለት ነው። የእርግዝና ክትትል ስለነበረኝ ከሥራ ቀርቼ፣ ከሐኪም ቤት ስመለስ ቀበና እናቴ ቤት ጎራ አልኩ። እናቴ ከወንበሯ ስትነሣ ከቀሚሷ ሥር የሆነ ነገር ሲጢጥ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«አዲሱ ዳሌዬ ነዋ! መዘመር ጀምሯል» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የምበላው እንጀራ የሚገኘው ከእሱ ነው።

የምሠራው ብረት የሚለበጥበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ናይትራይድ የሚባለውን ወርቅማ ነገር፣ አንዱን ስስ ሽፋን በሌላው ላይ እየደራረብን ብረት እናለብሳለን። ሽፋኖቹ ሁሉ ተደራርበው እንኳ ከፀጉር ይቀጥናሉ፤ ጥንካሬያቸው ግን ከብረቱ ይበልጣል። የሚደራረቡትም አንዱ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ቀጣዩ ጋ ሲደርስ እንዲቆም ነው። ከዚያ ጥንካሬውን ለመፈተን ኳስ እየተጫነው እናሽከረክረዋለን። ፍትጊያው ኮምፒዩተሩ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ይታያል። ቀኑን ሙሉ ምንም ስለማይሆን ሰው ይሰለቻል። በመጨረሻ ሲጢጥ ይላል። ሽፋኑ ተቀርፏል ማለት ነው። ፍርፋሪው ራሱ ከብረቱ ስለሚጠነክር መሐል ገብቶ እንደ አሸዋ የቀረውን ይፈጨዋል። መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ እኛ ቀዩን ቁልፍ ተጭነን ማሽኑን እናጠፋዋለን።

በቀዶ ሕክምና እናቴ ዳሌ ውስጥ የተተከለው ኳስም የለበሰው እንዲህ ያለውን ሽፋን ነው። እሱ ቀይ ቁልፍ የለውም።

በማግስቱ ለባልደረባዬ ለዱሬሳ ነገርኩት።

«ገና ዓመት ሳይሞላው? አይመስለኝም» አለ። «እነዚህ የሚፈተኑት በእርምጃ ነው። ለመራመድ ብቻ ከሆነ ዕድሜ ልኳን ያገለግላታል። ምን እየሠራችበት ነው? ቁጢጥ ብድግ የምትልበት ሥራ አላት እንዴ?»

«እናቴ? ከቤት ቤተ ክርስቲያን ነው መንገዷ» አልኩት። ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሁዳዴ ገብቷል፤ የስግደት ጊዜ ነው። እኔ እናቴን የማያት እሑድ እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ አይሰገድም።

ዓርብ እናቴ ወደምትሳለምበት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። የስድስት ወር ሆዴን ይዤ ያንን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ተቆራረጠ። ነፋሱ ቆሟል፤ ባሕር ዛፎቹ ላይ ቅጠል አይነቃነቅም። ከማየቴ በፊት ሰማኋት። ከቅጽሩ ጥግ ነጠላዋን አደግድጋ ትሰግዳለች። በጉልበቷ ወርዳ ግንባሯን መሬት ስታስነካ ሲጢጥ ይላል፤ ስትነሣም ሲጢጥ ይላል። አጠገቧ የነበሩ ሴቶች እየዞሩ ያዩዋታል።

«እማዬ፣ አብደሻል?» አልኳት። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይብስ ነበር። «ሐኪሙ ቁጢጥ እንኳ እንዳትዪ ብሎሽ አልነበር? ኳሱ እየተፈጨ ነው፣ ይኸው ትሰሚዋለሽ! ፍርፋሪው አጥንትሽን ይበላዋል። ሌላ ዳሌ የሚተከልበት አጥንት አይቀርልሽም፤ አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ። ለአባ ወልደ ሐዋርያት ነው የምነግራቸው። የንስሐ አባትሽ ናቸው፣ የታመመ አይሰግድም ብለው ያስቆሙሻል።»

ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ንገሪያቸው። የንስሐ ስግደት መስሎሻል? የስለት ነው።»

«እግርሽ እንዲድን ተስለሽ እግርሽን ትገድያለሽ?»

«የእግሬ መሰለሽ?» አለች ቀስ ብላ። ዓይኗ ሆዴ ላይ ነበር። «የመጀመሪያውን ስታረግዢ ልሰግድ ተሳልኩ። ዳሌዬ እምቢ አለኝ፤ ፅንሱ ጨነገፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ቢላ እንደዚያ እየፈራሁ ዳሌዬን ያስቀየርኩት ለምን ይመስልሻል? ለመራመዱማ ከዘራዬ ይበቃኝ ነበር። የምሰግደው እስክትገላገዪ ነው። አንቺ በሰላም ተገላገዪ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ብሰበርም ልሰበር።»

የምመልስላት አላጣሁም። ሁለቱ የጨነገፉበትን ምክንያት ሐኪሞቹ ነግረውኛል፤ ከእናቴ ዳሌ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ። በቃ ተነሺ እንሂድ ልላት አፌን ከፈትኩ።

ልጁ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ።

ዛሬ አስቁሜያት ነገ አንድ ነገር ብሆንስ? በራሴ አፈርኩ። ግን «ተነሺ» ማለቱን ተውኩት።

እናቴ እንደገና ልትወርድ ስትል እግሯ ከዳት። በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ ሌላውን ዘረጋችልኝ።

«እስቲ ደግፊኝ የኔ ልጅ፤ ዛሬስ ብቻዬን አልቻልኩም።»

ክንዷን ያዝኩ። ያ የሚፈጨው ነገር በእሷ ክንድ አልፎ መዳፌ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ቀስ አድርጌ ወደ መሬት አወረድኳት።