ፀረ አይጥ

እና ደግሞ ሳቀ፣ በራሱ ቀልድ፣ ዶክተር ተስፋሚካኤል፣ መድረክ ላይ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ደብረ ብርሃን ብትበርድም የምርምር ውጤታችን ያሞቀናል ይላል፣ ሁለት ሰው አጨበጨበ፣ ሁለቱም የሱ ተማሪዎች፣ ይሙቃቸው። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፣ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ትርሲት፣ የጥያቄ ሰዓት እስኪደርስ እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ አልቆልሃል።

አንቲቦዲ ማለት፣ ይላቸዋል አዳራሹን የሞሉትን ገበሬዎች፣ ነጭ የደም ሴል ላይ ያለችውን፣ በሽታን የምትለየውን አንዲት ሪሴፕተር ብቻ ፈልጎ የሚለጠፍ፣ ሌላ የማይነካ፣ ይህቺን እንኳን በደንብ ሸምድዷል። ከተለጠፈ ማሽኑ ላይ ያበራል፣ ካልተለጠፈ ጨለማ። ጨለማ ሆነ፣ የሰባት የአንኮበር በጎች ደም፣ ሰባቱም ጨለማ፣ ታዲያ ይሄ ሰውዬ ተሳስቼ ይሆን አለ? ምን ቆርጦት! የአንኮበር በግ ሪሴፕተሩ የለውም አለ፣ ከዘር መቀራረብ የመጣ ጉድለት፣ አዲስ ግኝት። ብልቃጡ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ራት አንቲ ማውስ፣ ከትልቁ አይጥ የተሠራ፣ የትንሹን አይጥ ሴል የሚለይ፣ በግ የሚል ፊደል የለበትም። የትእዛዝ ቁጥሩን ከፈረንጅ ጥናት ገልብጦ፣ ፈረንጆቹ የሠሩት በአይጥ ላይ መሆኑን ሳያነብ፣ ዶክተር። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ወገኔ ዕቃው ሲመጣ መዝገቡ ላይ ፀረ አይጥ ብሎ አስገባው፣ እባክሽ ልጄ ለመጋዘኑም ትንሽ ጣል አድርጊልኝ፣ ጆንያ በልተው ጨረሱብኝ አለኝ፣ በሳቅ ሞትኩ። ኋላ ሳስበው ግን ጋሽ ወገኔ ከሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ነገሩ የአይጥ መሆኑ ገብቶታል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ያዝኩት። ለምን ብዬ እነግረዋለሁ? አንቺ ልጅ እያለ የሚጠራኝን፣ የሠራሁትን ወስዶ ስሜን የማይጽፈውን፣ አምና ማሽኑ ልክ አይደለም ስለው አንቺ ቱቦሽን እጠቢ ያለኝን። ሰው ፊት ይሁን። ሪሴፕተር የሌለው በግ ይላል ደግሞ፣ እንዲህ ያለውን በግ የመጀመሪያው ክረምት ሳል ይጨርሰዋል፣ ከሰባቱ አንዱ፣ የእትዬ የውብዳር አውራ በግ ግን ደም ስቀዳው ሦስት ወንዶች ይዘውት ነው እኔን የጣለኝ፣ ጉልበቴ እስካሁን እንደበለዘ ነው።

እትዬ የውብዳር ራሳቸው መጥተዋል፣ ከአንኮበር በጠዋቱ ሚኒባስ፣ ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ ዞር አሉ፣ ትርሲትዬ ደኅና ነሽ ወይ ልጄ፣ በሹክሹክታ፣ ያን አውራዬን እኮ፣ ዶክተሩ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ዘሩ ጉድለት አለበት፣ ከእናት በጎች እንዳያገናኙት ቢለኝ፣ ምን ላድርግ፣ አስቀጠቀጥኩት፣ ሙክት ሆነ፣ ከአባቴ በጎች ዘር የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፣ ብቻ እንኳን ነገራችሁኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ።

አስቀጠቀጡት።

ባለፈው ሳምንት። ባለፈው ሳምንት እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ነበር፣ ይቅርታ ዶክተር፣ አንድ ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ትንሽ የምትለዋ ላይ ፈገግ ብዬ፣ ስለማመድ፣ የማንን ፊት እንደሚያይ፣ ማን ቀድሞ እንደሚስቅ ሳሰላ። ለባለበጎቹ መደወሉ እንደማይቀር አውቅ ነበር፣ የእትዬ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነው። እትዬ፣ እሱን አይስሙት፣ በቃ፣ ይቺን ማለት። ግን ከነገርኳቸው እሱም ይሰማል፣ ይነቃል፣ ያስተካክላል፣ ሳይዋረድ ያመልጠኛል። እንደዛ ነው ያልኩት፣ አዎ፣ በእትዬ በግ ኪሳራ ነው የሱን ውርደት የጠበቅኩት፣ እና እሱን ደደብ እላለሁ፣ እሱ እኮ አላወቀም፣ እኔ ነኝ ያወቅኩት፣

ጥያቄ ያለው? ይላል። እጄ ተነስቷል፣ መቼ እንዳነሳሁት እንጃ፣ ማይክ ያቀብሉኛል፣ አጭር ይሁን ይለኛል፣ ያ ሁሉ ያሳመርኩት ንግግር የለም፣ እትዬ የውብዳር ናቸው የሚታዩኝ፣ ሊሰሙኝ ሙሉ በሙሉ ዞረዋል። አንቲቦዲው የአይጥ ነው፣ እላለሁ፣ በግዎ ምንም አልነበረበትም እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አውቅ ነበር።

ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ ልጄ?

እንዲስቁበት ብዬ። በማይኩ ነው የወጣው፣ አዳራሹ በሙሉ ሰምቶታል፣ ማንም አይስቅም።