የኤልሚ እጥፍ

«ለአይብ ብሎ ነው አሉ የሞተው።»

ማርዎ የሻይ ፔርሙዙን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። የተናገረችው ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለችው ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ አዎ፣ ለአንድ ቆርቆሮ፣ ሰው ልጁን ጭኖ ሲሸሽ እሱ ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና ሊጠብቅ ወጣ፣ ስትል ሰማቻት።

ገብታ ቀዳችላቸው። ብርጭቆውን ተቀብለው፣ አባትሽ ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ጀነት ያግባው አሏት። አሚን አለች። ፔርሙዙን ወለሉ ላይ አስቀምጣ በጓሮው በር ወጣች።

ሐርጌሳ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው። አንድ ሰሞን ያነከሰ ዕድሜ ልኩን አንካሳው ነው። ግመል የጠፋበት ሰው ልጆቹ ሳይቀሩ የግመል አጥፊው ልጆች ይባላሉ። ማንም ለክፋት ብሎ አይደለም፤ ልማዱ ነው። አባቷ ኤልሚ በኮድቡር ሰፈር፣ በዚሁ ቤት፣ ለዓመታት ምግብ ሲሸጥ ቅጽል ስም አልወጣለትም ነበር። አሁን ሊወጣለት ነው፤ ለአይብ የሞተው። ልቅሶው ሳያበቃ አንድ ነገር ካልተደረገ ስሙ ከዚህ ቤት ወጥቶ ገበያ ይገባል፤ ገበያ ከገባ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ጓሮው ውስጥ ባሬ ፍየል እያሰረ ነበር። ባሬ የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከተማዋ ከአየር ስትደበደብ ግራ ጆሮው ደንቁሯል፤ ሰው ሲያናግረው ቀኙን ያዞራል። ወንድማማቾቹ ያደጉት ድሬዳዋ ነው፤ ማርዎም የተወለደችው እዚያው ነው። ስለዚህ ሦስቱ ብቻቸውን ሲሆኑ በአማርኛ ነበር የሚያወሩት። አሁን ሁለት ቀርተዋል።

«አዴር፣ ይቺ ለምንድን ናት?» አለችው አጎቷን፣ በቀኙ ዞራ።

ለመጨረሻው የዱዓ ቀን እንደሆነች ነገራት። በአየር ማረፊያው በኩል ውጊያው ከተነሳ ወዲህ ከገጠር ከብት እንደማይገባ፣ ይቺንም ያገኛት አንዱን ዘመድ ለምኖ እንደሆነ አስረዳት። ሽማግሌዎቹ ቁርአኑን አንብበው ሲጨርሱ ሥጋ ይበላሉ፤ ኤልሚም እንደ ሰው ይሸኛል።

«አባዬ ይሸጠው የነበረውን እጥፍ ልሥራላቸው» አለች ማርዎ።

ባሬ ያልሰማ መሰላት። ሰምቷል።

«በጎመን የሚሸኝ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? የሚያሙት አይበቃም? እነሱ አይብ አይብ እያሉ፣ አንቺ ራስሽ ልታጎርሻቸው ነው?»

«አዎ። ምን ሊያመጣ እንደወጣ ቀምሰው ይወቁት።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ከልቧ ይበልጥ እርግጠኛ ነበር።

እጥፍ የተጀመረው ከእሷ ወሬ ነው። ማርዎ ከድሬዳዋ ተመልምላ የተማረችው ኩባ ነበር፣ ሃቫና። አብራት የምታድር የሜክሲኮ ልጅ እሑድ እሑድ ስስ የበቆሎ ቂጣ ላይ አይብ አድርጋ፣ አጥፋ፣ እያገላበጠች ትጠብስና ኬሳዲያ ነው እያለች ታበላቸዋለች። ማርዎ ሐርጌሳ ስትመጣ ይህን ለአባቷ ያወራችለት ዝምታው ስለከበዳት ነው። አገሩ አገሯ መሆኑን ገና አላመነችም ነበር። ሻንጣዋን አልፈታችም፤ ከአባቷ ጋርም የሚያወሩት አልነበራቸውም። ኤልሚ ግን በጎልማሳነቱ በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ቡፌ ወጥ ቤት የሠራ ሰው ነው። አይብ ሲባል ቀና አለ።

የበቆሎውን ቂጣ ትቶ ሳባያድ አደረገው፤ በዘይት እየተነባበረ የሚዳመጠውን የሐርጌሳን ቂጣ። አይብ ብቻውን ሲሆን ግን ናቀው። ይሄ ጥርስ ላላወጣ ልጅ ነው አለ። ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥኖ ከትፎ፣ እስኪንኮሻኮሽ ጠብሶ፣ ከአይቡ ጋር አጥፎ እንደገና መጥበሻ ላይ ጣለው። ስሙንም እጥፍ አለው።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ሳቁበት። በግመል አርቢ አገር ቅጠል የሚበላ ፍየል ነው። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ቂጣውን ገልጦ አየና፣ «ኤልሚ፣ ፍየል አደረግኸን?» አለው።

«ፍየል ስትበላ ድምፅ የላትም» አለ ኤልሚ። «አንተ ንከሰውና ሰፈሩ ይስማህ።»

ሾፌሩ ነከሰ። ሰፈሩም ሰማ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ እየተፎካከሩ፣ የማን ጥርስ ይበልጥ ይጮኻል እየተባባሉ መብላት ጀመሩ። ማርዎ ሻንጣዋን የፈታችው በዚያ ሰሞን ነው። ከእሷ አፍ ቃል ብቻ ነበር የወጣው፤ አባቷ ግን ምግብ አደረገው። ይህ ያኮራት ነበር፤ ነግራው ግን አታውቅም።

አሁን ጓሮው ውስጥ ከባሬ ጋር ተፋጠው ቆመው ሳለ ጎረቤታቸው ጣይባ ለልቅሶ ቤቱ ያበሰለችውን የሩዝ ድስት በራሷ ተሸክማ ገባች። አማርኛውን ባታውቅም ነገሩ ገብቷታል። ድስቱን አወረደች።

«ለአይብ የሚሉትን እኔም ሰምቻለሁ» አለች በሶማሊኛ። «የሚሉት የዚህ መንገድ ሰዎች አይደሉም። መድፉ ሲጀምር ባሌ በየማለዳው እንሂድ ይለኝ ነበር። ቆይ እለዋለሁ፤ ጆሮዬን እሰጣለሁ። የኤልሚ መጥበሻ ከተንጫጫ ልጆቼን አልጭንም። መንገዱ ሁሉ እንዲህ ነበር። ይሄ ቤት የተዘጋ ቀን ሰፈሩ ባዶ ይሆን ነበር።»

ማርዎ ይህን አታውቅም ነበር። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ተጠራጠረች። «ያለ አይብም መጥበስ ይችል ነበር» አለች። «ለምን ወጣ?»

የመለሰው ባሬ ነው፤ ዓይኑን ከፍየሏ ሳያነሳ። «እኔም ብዬው ነበር። አይብ ከጎደለ ጎረቤቶቹ ነገሩ እንደከፋ ያውቃሉ፣ እጥፉ ሙሉ መሆን አለበት አለኝ።»

ጣይባ ድስቷን አንስታ ወደ ሴቶቹ ገባች። ባሬ ገመዱን ጠበቅ አደረገ።

«ነገ ጠዋት አንድ ሥሪ» አላት ለማርዎ። «ጆሮዬ ላይ ትሰብሪዋለሽ። ከጮኸ ፍየሏ ትቆያለች። ካልጮኸ አርዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል እንዳትናገሪ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ባሬ የወንድሙን እጥፍ ቀምሶ አያውቅም፤ ቅጠል አልበላም ብሎ እስከ መጨረሻው ጸና። ነገር ግን በየማለዳው፣ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት፣ በረንዳው ላይ ይቀመጥና ቀኝ ጆሮውን ይሰጣል። ኤልሚ የዕለቱን የመጀመሪያ እጥፍ እዚያ ጆሮ ላይ ይሰብረዋል። ባሬ «ጮኸ» ይላል፤ በሩ ይከፈታል። ካላለ ኤልሚ ተመልሶ ይገባል። ማርዎ በሩቅ ሆና ስታያቸው፣ ሁለት ሽማግሌዎች የሚጫወቱት የልጅ ጨዋታ ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሸዋርካብሽ ዳሚ ከሚባለው ሰፈር ቀድማ ደረሰች። ከወሎ መጥታ ከኤልሚ ጋር ድንች ስትልጥ የኖረች ሴት ናት። ልጣ ከትፋ ሰጠቻት፤ ዘይቱን አጋለች። ግን ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። «እኔን ቅመሺ እንዳትይኝ፣ እህቴ» አለቻት። «ጋሽ ኤልሚም በጾም ቀን ቅመሺ ብለውኝ አያውቁም።» ማርዎ ራሷ ብትቀምስም አባቷ ከሞተበት ቀን ወዲህ ምላሷ ጨውና ስኳር አይለይም።

የአይቡ ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ነበር። መኪናው የቆመበት ሜዳ ላይ ሞርታሩ ሲወድቅ ኤልሚ ገዝቶ እየተመለሰ ነበር። ሬሳውን ያመጡት ሰዎች ከረጢቱንም አምጥተዋል። ጠርዙ ተጨራምቷል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። እስከዚያ ጠዋት ማንም አልነካውም። ማርዎ ከፈተችው።

አትክልቱን ጠብሳ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ክዳን ደፋችበት። ሳባያዱን ዘረጋች፣ አይቡን አደረገች፣ ሞላች፣ አጠፈች፣ ጠበሰች። ይዛው ወደ ባሬ ሮጠች ማለት ይቻላል። በቀኙ ቆማ ሰበረችው።

እንደ እርጥብ ጨርቅ ተቀደደ።

ባሬ ተነስቶ ቢላዋውን ሊያመጣ ገባ። ሸዋርካብሽ የረጠበውን አትክልት ከቂጣው አራግፋ ለፍየሏ ጣለችላት። ፍየሏ ያለ ድምፅ በላችው።

ማርዎ ወጥ ቤት ተመልሳ ቆመች። የሆነውን ሁሉ ከሩቅ ያየች እንጂ የኖረች እንዳልሆነች ተሰማት፤ በዚህ ከተማ ሁልጊዜ እንደሚሰማት። ክዳኑን አነሳች። ከሥሩ ውኃ አዝሎ ጠብ ጠብ ይል ነበር። አባቷ ከድኖ አያውቅም። አንድ እጁ ይጠብሳል፣ አንድ እጁ በሰሌን ማራገቢያ ዝንቡን ያባርራል፤ ሰውነቱ እንደሚጨፍር ሰው ይወዛወዛል። ያን ስታይ ትስቅ ነበር።

«ማራገቢያው የት አለ?» አለች።

ሸዋርካብሽ ማራገብ ያዘች። ማርዎ እንደገና ጠበሰች። አይቡን ከላይና ከታች አድርጋ አትክልቱን መሃል አስቀመጠች፣ አጠፈች፣ የጋለው መጥበሻ ላይ ጣለችው። መጥበሻው ተንጫጫ። በሴቶቹ ክፍል የነበረው ሹክሹክታ ቆመ። «የኤልሚ መጥበሻ ነው» አለ የጣይባ ድምፅ። ከግንቡ ማዶ የአንድ ቤት በር ሲከፈት ተሰማ፤ ቀጥሎም የሌላ። ትናንት ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችው ሴት ብርጭቆዋን እንደያዘች ብቅ አለችና ደፉ ላይ ቆመች።

ባሬ በአንድ እጁ የፍየሏን ገመድ፣ በሌላው ቢላዋውን ይዞ ጓሮው መሃል ነበር። ማርዎ እጥፉን በቀኝ ጆሮው ትክክል ከፍ አድርጋ ያዘችው። ሰበረችው።

ደፉ ላይ የቆመችው ሴት እንኳ ሰማች።

ማርዎ «ጮኸ» እስኪላት ጠበቀች። አላለም። ገመዱ ከእጁ ወደቀ፤ ቢላዋውን ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ግማሹን እጥፍ ከእጇ ወስዶ ትንሽ አየው፤ አይቡ እንደ ክር ተንጠልጥሏል፤ ካሮቱ ጫፉ ወርቅማ ሆኗል። ከዚያ ነከሰ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቀስታ፣ እያንዳንዱን ድምፅ እየሰማ አኘከ።